መልስ፦ የኤዶ ኪሪኮ ብርጭቆ መቅረጽ ለጀማሪ ይከብዳል ወይ?

እህቴ፣ ቶኪዮ ስትሄጂ ኤዶ ኪሪኮ የሚባለውን የከተማዋን ባህላዊ የብርጭቆ መቅረጽ ጥበብ መሞከር ለጀማሪ ይከብድ እንደሆነና የትኛው ቀለም እንደሚሻል ጠይቀሻል። ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት አይከብድም። ቀለሙን ግን አስቢበት፤ ሰማያዊ ወይም ቀይ ውሰጂ፣ ጥቁሩን ተዪው።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። ብርጭቆው ጥርት ያለ ነው፤ ከውጭ ስስ ባለቀለም ሽፋን አለው። ውሃ እየፈሰሰበት የሚሽከረከረው ባለአልማዝ ዲስክ ከብርጭቆው በታች ስለሚሆን፣ የሚቆረጠውን መስመር የምታዪው በብርጭቆው አፍ ወደ ውስጥ አሳልፈሽ ነው። ጥቁሩ ቀለም ብርሃን ስለማያሳልፍ ባለሙያዎችም ይቸገሩበታል።

መጀመሪያ አካፋይ መስመሮች በማርከር ይሰመራሉ። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ ክርንሽን አስደግፈሽ፣ ዲስኩን በቀስታ አስነኪው። በመጀመሪያው ዙር ቀለሙን ብቻ ላጥ አድርጊ፤ ጥልቀቱ በሁለተኛው ይደርሳል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው በመጫን ነው። የዲስኩ ጠርዝ በሁለት ጎን የተሳለ ስለሆነ በጠለቀ ቁጥር መስመሩም ይሰፋል፤ የሰፋውን ደግሞ ማንም አያጠብልሽም። መሃል ላይ ቆም ካልሽም መስመሩ እዚያው ሆድ ያወጣል፣ ስለዚህ እጅሽ ሳይቸኩል ሳይቆም ይሂድ።

ለንድፍ መሃል ላይ የሚሻገሩ ረጃጅም መስመሮች፣ ኮከብ የሚሠሩት፣ ይበቃሉ፤ በጣም ያምራሉም። የዓሣ ዕንቁላል የሚመስለው ናናኮ የተባለ ንድፍ ግን የመስመሮቹ ርቀት በጥቂቱ ከተዛነፈ ወዲያው ያስታውቃል፣ ለጊዜው ይቆይ።

ቀለበትና አምባር አውልቂ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ። ወደ ቤት ከወሰድሽው በኋላ የፈላ ሻይ አትቅጂበት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።