ጣሪያው መሃሉ ሲሰረጉድ፦ ጠማማ እንጨት ነው ወይስ ሸክም የከበደው?

ወንድሜ፣ «ጣሪያችን ከውጭ ሲታይ መሃሉ እንደ ኮርቻ ሰርጎድ ብሏል፣ ኮርኒሱም ተሰንጥቋል፤ ያስፈራል ወይስ የአሮጌ ቤት ጠባይ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔንም ይሄው ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶኝ ያውቃል።

ያኔ ባትሪ ይዤ ኮርኒሱ ላይ ወጣሁ። አንዱ ወራጅ (ከጣሪያው አናት ወደ ግድግዳው ዘቅዝቆ የሚወርደው እንጨት) እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል። «አገኘሁት!» አልኩና ሮጬ አዲስ እንጨት ገዛሁ። አናጢው መጥቶ ሲያየው ሳቀብኝ። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ተመትቶ እዚያው የደረቀ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የውስጥ ጭረቱ (የክሩ መስመር) ጠማማ ከሆነ ደግሞ ይጠመዘዛል። ግራና ቀኝ ያሉት ቀጥ ብለው እሱ ብቻ ከጠመመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠባዩ ነው። ሸክም የከበዳቸው ግን ተያይዘው ነው የሚወርዱት፤ መሃል ላይ ያለው ከሁሉም ይብሳል።

የእኔ ጉድ ሌላ ቦታ ነበር። የውሃ ታንከር ለማስገባት አንዱ ሠራተኛ የታችኛውን አግዳሚ በመጋዝ ቆርጦ፣ ሲጨርስ በቁራጭ ጣውላና በሁለት ምስማር ጠጋግኖት ሄዷል። ምስማሮቹ ግማሽ ድረስ ተነቅለዋል። የመጋዝ ውፍረት ብቻ መሆን የነበረበት ክፍተት ሁለት ጣት ያስገባ ነበር! ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው የቆሙ ሁለት ሰዎችን አስብ። እግራቸው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ግንባራቸው ይወርዳል። ወራጆችም እንደዚያው ናቸው፤ እግራቸውን የሚይዘው ያ አግዳሚ ነው። እሱ ሲላላ አናቱ ይወርዳል፣ ግድግዳውም ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ የግድግዳህን አናት በቱንቢ እየው። በር አልዘጋ ማለት ከጀመረም ያው ምልክት ሊሆን ይችላል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ መሆኑንም እንዳትረሳ።

ለመለካት ሲባጎ ይበቃል። ከእንጨቱ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ወጥረህ መሃሉ ምን ያህል እንደወረደ በማስመሪያ ለካ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ገደብ የርዝመቱ 1/240 ነው፤ ለ4 ሜትር 1.7 ሴንቲ ገደማ። አሮጌ እንጨት ግን ከዓመታት ሸክም ብዛት ቀስ እያለ ስለሚወርድ ከዚህ አልፎም ሊቆም ይችላል። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የምፈራው እንቅስቃሴውን ነው። ልኩንና ቀኑን እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፍ፣ ከዝናብ በኋላ ደግመህ ለካ። ከጨመረ ዝም አትበል። ጫፎቹን፣ በተለይ ግድግዳው ላይ የተቀመጡትን፣ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርግ። ብረቱ እንደ ቂጣ ከገባ በስብሷል፤ ያን ጊዜ ልኩም ምንም አይነግርህም።

እንጨት ልትጨምር ካሰብክ አታስተኛው። 5 በ10 ሴንቲ የሆነ እንጨት በጠባቡ ጎኑ ሲቆም ከተኛው ይልቅ መጉበጥን አራት እጥፍ ይቋቋማል። እኔ የገዛሁትን አስተኝቼ ልመታው ነበር! በክሪክ ማንሳት ካስፈለገም በአንድ ቀን አይሆንም። የእኛን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አነሳነው፤ አለበለዚያ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ይህን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይሥራው እንጂ አንተ አትሞክረው።

ኮርኒሱ ላይ ታንከር ካለህ ግን ሲባጎውም ካቻቢቴውም ይቆዩ። መጀመሪያ ውሃውን አፍስሰው፣ ከዚያ ውጣ።