ኃላፊ ጊዜን በውኃ ታሪክ ማስተማር፦ ለወጣት የእንግሊዝኛ መምህራን

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ማስተማር ከጀመረች ብዙም ያልቆየች አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት በቅርቡ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። ተማሪዎቿ በፈተና ወረቀት ላይ ክፍት ቦታዎችን በትክክለኛው የኃላፊ ጊዜ ግሥ ይሞላሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ያጋጠማቸውን ሲያወሩ ግን ግሡን ሁሉ በአሁን ጊዜ ይደረድሩታል። «ሕጉን ያውቁታል፤ ታዲያ ሲናገሩ የት ይጠፋባቸዋል?» ነበር ያለችኝ። አጭር መልስ ልሰጣት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄዋ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝን አንድ የክፍል ውሎ ስለቀሰቀሰብኝ፣ ለእርሷም ለእናንተም ሰፋ አድርጌ መጻፍን መረጥሁ።

በዚያ ዘመን ኃላፊ ጊዜን የማስተምረው በውኃ ላይ በሚደርሱ ገጠመኞች ነበር። ስለ ዋና፣ ስለ ታንኳ፣ ስለ ጎርፍና ስለ ማዕበል የሚተርኩ አጫጭር ታሪኮችን አነብላቸዋለሁ፤ ተማሪዎቹም የራሳቸውን ያወራሉ። ርእሰ ጉዳዩን የመረጥሁት ልብ ስለሚሰቅል ብቻ አልነበረም። ውኃ ቆሞ ሰውን አይጠብቅም፤ ቀዛፊው ሲቀዝፍ ወንዙ ይፈስሳል፣ ነፋሱ ይነፍሳል፣ በዚህ መካከል አንድ ነገር በድንገት ይደርሳል። ስለዚህ ሲካሄድ የቆየውን ድርጊት ድንገት ከሆነው መለየት፣ ማለትም ፓስት ኮንቲኒዩስን ከሲምፕል ፓስት ጋር ማሰለፍ፣ ተራኪው ታሪኩን ለማስረዳት ራሱ የሚፈልገው ነገር ይሆናል። የድርጊቶች ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው። «ጀልባዋ ስትደርስ ዋናተኛው ሰጠመ» ሲባል ጀልባዋ ላይ ያሉት ሰዎች እጃቸውን ሊዘረጉለት ይችሉ ነበር ማለት ነው፤ «ጀልባዋ ስትደርስ ዋናተኛው ሰጥሞ ነበር» ሲባል ግን የጠበቃቸው ባዶ ውኃ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት የሚያሸክመው «ሃድ» ለምትባል አንዲት ቃል ነው። ከሌላ ያለፈ ድርጊት ቀድሞ ያለቀውን በ«ሃድ» የሚናገረውን ይህን ጊዜ፣ ማለትም ፓስት ፐርፌክትን፣ በሰንጠረዥ ሳስተምር ያንቀላፉ የነበሩ ተማሪዎች በዚህ ምሳሌ ላይ ደወል እስኪደወል ይከራከሩ ነበር።

የምነግራችሁ ልጅ ከኋላ ረድፍ ጥግ ላይ ይቀመጥ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፁን የሰማ አልነበረም፤ የጽሑፍ ፈተና ውጤቱ ግን ከማንም አያንስም። በዚያን ዕለት የትምህርት አሰጣጤን ለመገምገም የመጣ አንድ ተቆጣጣሪ ማስታወሻ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀምጧል። የውኃ ገጠመኙን የሚያወራልን ማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ ያ ልጅ እጁን አወጣ። ወደ ሰሌዳው መጥቶ ቆመና ከታላቅ ወንድሙ ጋር የሞላ ወንዝ በታንኳ ሲሻገሩ የደረሰባቸውን መተረክ ጀመረ።

«ዊ ሮው፣ ዊ ሮው፣ ዘ ዋተር ካም ቢግ» አለ፣ ሁለት እጆቹን ጨብጦ አየሩን እየቀዘፈ። ተቆጣጣሪው ከተቀመጠበት «ሮው አይባልም፤ ሮድ ነው» አለው። ልጁ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀና «ዊ ሮድ» ብሎ ቀጠለ፤ እጆቹ ግን ወርደው ነበር። ታንኳዋ ማዘንበል የጀመረችበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሌላ እርማት መጣ። እርሱንም አስተካከለ፤ ድምፁ አሁን ከፊተኛው ረድፍ በቀር ለማንም አይሰማም። ቀጥሎ ቃል በቃል የማስታውሰውን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፦ «ማይ ብራዘር ዋዝ ሆልዲንግ ዘ ሮፕ፣ ኤንድ ዘ ሮፕ ብሬክ።» ወንድሙ ገመዱን ይዞ ነበር፤ ገመዱም ተበጠሰ። ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ያለ አይመስልም ነበር። «ብሮክ!» አለ ተቆጣጣሪው። ልጁ «ብሮክ» አለና ወደ መቀመጫው ተመለሰ።

ተቆጣጣሪው ያረማቸው ግሦች በእርግጥም የተሳሳቱ ነበሩ፤ በሰዋስው ረገድ የሚከሰስበት ነገር የለም። ነገር ግን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ልጁ «ዋዝ ሆልዲንግ» የሚለውን፣ ማንም ሳያዝዘው፣ በትክክለኛው ቦታ ተጠቅሞበታል፤ ወንድሙ ገመዱን እንደያዘ ገመዱ መበጠሱን ለመናገር ሌላ መንገድ አልነበረውምና። እኔ በሰሌዳ ላይ መስመር እያሰመርሁ ለሳምንታት የደከምሁበትን ነገር ልጁ ሳያስበው ተናገረው። በኋላ በተሰጠኝ የግምገማ ወረቀት ላይ ስለ «ዋዝ ሆልዲንግ» አንድም ቃል አልነበረም፤ «ብሬክ» ግን ከሥሩ ተሰምሮበት ተጽፏል። በማግስቱ ልጁን ታሪኩን እንዲጨርስልን ለመንሁት። «ምንም አይደለም፣ ቲቸር» አለኝ። ሌላ ቀን ለብቻው ጠየቅሁት፤ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና የኃላፊ ጊዜ ጥያቄዎችን ሁሉ በትክክል መለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ወንድሙ ከውኃው ይውጣ አይውጣ እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ ለወጣቷ መምህርት የምሰጠው ቀዳሚ መልስ የመጀመሪያው ትረካ አይቋረጥ የሚል ነው። ተማሪው ሲያወራ ግሦቹን መዝግቡ፤ የተሳኩትንም ጭምር። ሲጨርስ ስለ ግሡ ሳይሆን ስለ ታሪኩ በእንግሊዝኛ ጠይቁት፦ ገመዱ ሲበጠስ አንተ ምን እያደረግህ ነበር? ታንኳዋ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ያስጠነቀቃችሁ ሰው ነበር? የፊተኛው ጥያቄ ፓስት ኮንቲኒዩስን፣ የኋለኛው ፓስት ፐርፌክትን ይዞ ይመጣል። እርማቱን አሁን ስጡት፤ ከዚያም ታሪኩን ላልሰማ ጓደኛው እንደገና ይንገረው። በዚህ በሁለተኛው ትረካ ተማሪው ምን እንደሚል በመፈለግ ስለማይቸገር፣ እንዴት እንደሚለው የሚያስብበት ፋታ ያገኛል።

ሌላው መልስ ያለው በራሳችን ቋንቋ ውስጥ ነው። የአማርኛ ተራኪ «ተነሥቶ፣ ታንኳዋን ገፍቶ፣ ዘሎ ገባ» ሲል ጊዜውን የሚሸከመው የመጨረሻው ግሥ ብቻ ነው፤ የቀሩት በእርሱ ተደግፈው ያልፋሉ። በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ጊዜ ይዞ መቆም አለበት። ተማሪው «ሂ ስታንድ፣ ፑሽ ዘ ቦት ኤንድ ጃምፕት» ቢል፣ ሳያጠና ቀርቶ ሳይሆን በአማርኛ ሥርዓት እየተረከ ነው። «ነበር» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። እኛ «ትናንት ወንዝ ወርጄ ነበር» ብለን፣ ምንም ሳንጨምር፣ ዝም ማለት እንችላለን፤ ተማሪው ይህንኑ በ«ሃድ» ሲያመጣው ግን የእንግሊዝኛ ሰሚ «ከምን በፊት?» ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል። አማርኛ የሚያግዘንም ቦታ አለ። «ልጅ ሳለ ይዋኝ ነበር» እና «ስደርስ እየዋኘ ነበር» የሚሉትን የሚያምታታ ተማሪ ስለሌለ፣ «ዩዝድ ቱ ስዊም»ን ከ«ዋዝ ስዊሚንግ» ለመለየት ከእነዚህ ከሁለቱ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ግሦችን በቃል ማስጠናትን በተመለከተ፣ ከላይ ካልሁት ጋር ሊጋጭ ቢችልም፣ እኔ ደጋፊው ነኝ። የዛሬ ወጣት መምህራን «ሽምደዳ» የምትለዋን ቃል እንደ ስድብ ትጠቀሙባታላችሁ፤ ስላይድ በማሳመር የምታጠፉት ሰዓት ግን ለአንድ ክፍል ሙሉ የግሥ ቅጥልጥል ይበቃ ነበር። «ስዊም፣ ስዋም፣ ስወም»፣ «ሲንክ፣ ሳንክ፣ ሰንክ»፣ «ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ»፣ «ቢጊን፣ ቢጋን፣ ቢገን» አንድ ዜማ ያላቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ የውኃ ታሪክም ያለ እነርሱ አይተረክም። የመካከለኛውና የመጨረሻው ድምፅ ለጆሯችን ስለሚቀራረቡ ጮክ ተብለው መደገም አለባቸው። የሰውን ሰጥሞ መሞት የሚገልጸው «ድራውን» ግን የዚህ ዘመድ አይደለም፤ «ድራውንድ» ብሎ ያበቃል፣ «ድራውንዲድ» የሚሉትን ሳትሰለቹ መልሱ።

ከእውነተኛ ታሪኮች ሁሉ አብልጬ የተጠቀምሁት የአንታርክቲካ አሳሹን የኧርነስት ሻክልተንን ጉዞ ነው። ኢንዱራንስ የተባለችው መርከቡ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በጥር 1915 በአንታርክቲካ ዳርቻ ባለው በዌደል ባሕር በረዶ ተያዘች፤ በረዶው ለወራት ሲጨምቃት ቆይቶ በኅዳር ወር ሰጠመች። 28ቱ ሰዎች ግን ቀደም ብለው ጥለዋት ወጥተው በበረዶው ላይ ሰፍረው ነበር፤ ፓስት ፐርፌክት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሚያዝያ 1916 በሦስት ጀልባዎች ኤሌፋንት ደሴት ደረሱ። ሻክልተን አምስት ሰዎችን ይዞ 800 የባሕር ማይል ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሳውዝ ጆርጂያ በትንሽ ጀልባ ሲያቀና 22ቱ ደሴቱ ላይ ቀሩ። የተወሰዱት ነሐሴ 30 ቀን 1916 ሲሆን፣ መርከቧ ስትታያቸው ከአራት ወራት በላይ ሲጠብቁ ቆይተው ነበር። ተማሪዎች «ሃድ ቢን ዌይቲንግ»ን ለምን እንደሚፈልጉ ከዚህ ታሪክ በኋላ ተከራክሬ ማሳመን አስፈልጎኝ አያውቅም። ከ28ቱ አንድም ሰው እንዳልሞተ የምነግራቸው በመጨረሻ ነው፤ ቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ግማሹ ክፍል ማዳመጡን ያቆማል።

ፊልም ወይም በስልክ ያዩትን ቪዲዮ አታስተርኳቸው። በእንግሊዝኛ የፊልም ታሪክ የሚተረከው በአብዛኛው በአሁን ጊዜ በመሆኑ፣ ተማሪው በትክክል እየተናገረ እናንተ ታርሙታላችሁ። የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ከደረሰባቸው ይልቅ ያዩትን ማውራት ይቀናቸዋል፤ ቢሆንም አፋቸው ከእኛ ዘመን ተማሪዎች ይልቅ የተፈታ መሆኑን ሳልመሰክር አላልፍም።

ማንንም ስለ ውኃ እንዲያወራ አታስገድዱ፤ ውኃ ሰው የወሰደበት ተማሪ በክፍላችሁ ሊኖር ይችላል። ለእንዲህ ያለው፣ ወይም የሚያወራው ገጠመኝ የለኝም ለሚል፣ የሌላ ሰው ታሪክ ስጡት። እኔ ብዙ ጊዜ የምሰጠው የአሜሪካዊቷን ዋናተኛ የገርትሩድ ኤደርልን ነው። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1925 እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየውን የእንግሊዝን ሰርጥ በዋና ለማቋረጥ ሞክራ አልተሳካላትም፤ በነሐሴ 1926 ግን ተሳካላትና ሰርጡን የዋኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከእርሷ በፊት የተሻገሩት አምስት ወንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ማቲው ዌብ በ1875 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ እርሷ ከአምስቱም ፈጣን ከነበረው በሁለት ሰዓት ያህል ቀድማ ደረሰች። ታሪኩን በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡላቸውና ከ1926ቱ ዋና ጀምረው ወደ ኋላ እየተመለሱ እንዲተርኩት አድርጉ፤ «ሃድ» የት የት መግባት እንዳለባት ያኔ እርስ በርስ ይተራረማሉ።