የጎርጎራዋን ጀልባ ስንጥቅ በስቱኮ ከመድፈንህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጎርጎራ ላይ ያለችው አሮጌዋ የፋይበር ጀልባህ ድንጋይ መትቷት ሆዷ ላይ 20 ሳንቲም የሚሆን ስንጥቅ አለባት፤ በዙሪያው ደግሞ ሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ወጥተዋል። ጎንደር ያነጋገርካቸው ባትላሜራዎች «በስቱኮ ሞልተን እንቀባልሃለን» ብለውሃል። እባክህ እንዳታስሞላት። የመኪና ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ከውሃ መስመር በታች ከገባ ወራት ሳይቆይ ያብጥና ይለቃል።

እኔ አዘዞ ላይ ፓራውልትና የባጃጅ ጣራ በፋይበር ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ጎርጎራ ወርጄም አራት ጀልባ ጠግኛለሁ። የመጀመሪያው ጥገና አልያዘም ነበር፤ ከዚህ በታች የምነግርህን አብዛኛውን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ባለቤቱ ለጥምቀት እንግዶች እንድትደርስለት ስለቸኮለ ጀልባዋን ከውሃ አውጥተን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልናት። ስዳብሳት ደርቃለች። ፍቄ፣ በአሴቶን ጠርጌ፣ አራት ድርብ ፋይበር አልብሼና ቀብቼ አስረከብኩ። ሚያዝያ ላይ ተጠራሁ። ጥፍሬን ከጠርዙ ሥር ብሰድ፣ ጥገናው እንጀራ ከምጣድ እንደሚነሳ ሙሉውን ባንዴ ተነስቶ እጄ ላይ መጣ። ገልብጬ ሳየው ልሙጥ ነው፤ ከአሮጌው ፋይበር አንድ ክር እንኳ ይዞ አልወጣም። ሥሩ ላይ ቡናማ ጠብታ አቁሯል፤ በጣቴ ነክቼ ሳሸተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጪ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ነጭ ሽፋን፣ ጄልኮት የሚባለው፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እሱ ሲሰነጠቅ ውሃው ፋይበሩ የተሠራበትን የመስታወት ክር ተከትሎ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በጊዜ ብዛት ክሮቹን ከያዘው ሙጫ፣ ከሬዚኑ፣ አንዳንድ ነገር እያሟሟ አሲድነት ያለው ፈሳሽ ይሆናል። ፖሊስተር ሬዚን ደግሞ እርጥብ ነገር አይዝም። ውጪው ሲዳሰስ ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጉዳቱን ልክ እወቅ። በካቻቢቴ እጀታ ከስንጥቁ ራቅ ካለ ቦታ ጀምረህ ቀስ እያልክ አንኳኳ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፤ የተላቀቀው እንደ እርጥብ እንጨት ድፍን ይላል። ድምፁ የተለወጠበትን ሁሉ በማርከር ክበበው። ከስንጥቁ ሁለት ሦስት እጥፍ ሰፍቶ ብታገኘው አትደንግጥ።

ከዚያ በግራይንደር የተላቀቀውን ሁሉ ጤነኛ ፋይበር እስክታገኝ ፍቅ። ጠርዙን እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርገህ አትተው፤ እንደ ሳህን ከንፈር እያሳሳህ ውሰደው። የጀልባዋ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ በየአቅጣጫው 6 ሳንቲም ያህል፣ ማለትም የውፍረቱን 12 እጥፍ ይሁን። አዲሱ ከአሮጌው ጋር የሚያያዘው በዚህ ተዳፋት ላይ ነው፤ እዚህ የቆጠብከው በኋላ ስንጥቅ ሆኖ ይመለሳል።

አሁን ማድረቅ። የተፋቀውን ቦታ በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠብ፤ ያ ኮምጣጤ የሚሸተው ነገር ካልታጠበ በቀላሉ አይደርቅም። ጀልባዋን ሣር ላይ አታስተኛት፤ አሮጌ ጎማ ላይ ከፍ አድርጋት፣ ከሥር ንፋስ ይግባ። ቀን ለፀሐይ ክፈታት፣ ማታ ከጤዛ ሸፍናት። ሳምንታት ይፈጃል፤ የኔ ሁለተኛዋ ጀልባ አምስት ሳምንት ወስዳለች። መድረቋን የምታውቀው እንዲህ ነው፦ ግማሽ ሜትር የሚሆን ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ በተፋቀው ላይ ዘርጋና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገህ ፀሐይ ላይ አውለው። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ላብ ካወጣ ገና ነው። ተከታታይ ቀናት ደርቆ ከዋለ ጀምር።

ወሩን ከመረጥክ የካቲትና መጋቢት ናቸው። ሬዚን ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም፤ የጎንደርን የታኅሣሥ ጠዋት ታውቀዋለህ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና 1,800 ገደማ፤ ስለዚህ ጀልባዋን ጭነህ 60 ኪሎ ሜትር ከማጓጓዝ እዚያው ሞቃቱ ላይ ብትሠራት ይሻላል።

ሬዚኑን ስትገዛ ጣሳውን አስከፍተህ እይ። ከማር ወፍሮ የሚጎተት ከሆነ አርጅቷል፣ ተወው። ሃርድነሩን፣ ማለትም ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ፈሳሽ፣ በዓይን ግምት አትጨምር፤ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዛ፤ ለ200 ግራም ሬዚን 3 ግራም። ከ1 በመቶ ከወረደ በደንብ አይጠነክርልህም፣ ከ2 በመቶ ካለፈ ደግሞ ሳታለብሰው ኩባያው ውስጥ ሊግል፣ ሊጨስ ይችላል። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ፋይበር አንዱ ድርብ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ለ5 ሚሊ ሜትር አምስት ማለት ነው። ሦስት አልብስና ሙቀቱ ይብረድ፣ ከዚያ ቀሪውን። እያንዳንዱን በብሩሽ ሳትጎትት እየደቃህ አርጥበው፤ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካየህ አየር አለበት ማለት ነው፣ እስኪጠፋ ድረስ ደቅ።

እነዚያ የሸረሪት ድር የሚመስሉት ስንጥቆች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከሥር ያለው ፋይበር ስለሚወዛወዝ ነው። በሹል ነገር ከፍተህ በጄልኮት ብትሞላቸውም፣ ያ ቦታ ከውስጥ በኩል ተጨማሪ ድርብ ካልለበሰ እዚያው ይመለሳሉ።

የጄልኮቱን ቀለም ለማመሳሰል፣ አስቀድመህ ከጉዳቱ አጠገብ ያለውን ገጽ በኮምፓውንድ፣ በማብረቂያው ቅባት፣ አብርቀው፤ ዱቄት የሆነው ሲነሳ እውነተኛው ቀለም ይወጣል። አሮጌ ነጭ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ብቻ እየነካህ ቢጫ ጨምር፣ ካስፈለገም ጥቁር። ቀብተህ ስትጨርስ በላስቲክ ሸፍነው፤ ጄልኮት አየር ሲነካው ላዩ እጅ ላይ እንደሚጣበቅ ይቀራል። ሲጠነክር ብርጭቆ ወረቀት ከ220 ጀምረህ በ400 እና በ600 አድርገህ እስከ 1000 በውሃ አለስልሰው፣ ከዚያ አብርቀው።

አንድ ነገር ስለ ራስህ ልለምንህ። ስንፍቅ ብዙዎቻችን ነጠላ ወይም ሻርፕ ተከናንበን ነው፤ እሱ የፋይበሩን ብናኝ በደንብ አይዝም፣ የሬዚኑን ጋዝ ደግሞ ጨርሶ አያግድም። የብናኝም የጋዝም ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርግ፣ መነጽርም። ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ አጠገብህ ይኑር፤ ጠብ ካለብህ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጥበህ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂድ። ኮባልት፣ ማለትም ሬዚኑ ቶሎ እንዲጠነክር የሚያፋጥነው ፈሳሽ፣ ለብቻው ከሰጡህ ደግሞ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በደንብ አዋህደው፤ ከሃርድነር ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ይፈነዳል።

አሁን ሬዚን አትግዛ። አንኳኩተህ በማርከር የከበብከውን፣ መለኪያ ሜትር አጠገቡ አድርገህ ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፈው። ስንት ኪሎ ሬዚንና ስንት ሜትር ፋይበር እንደሚበቃህ አስልቼ እጽፍልሃለሁ።