ሐረጎ የት እንዳለ አውቅ ነበር

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ፒያሳ ቡና ስጠጣ አንዲት የጋዜጠኝነት ተማሪ መጥታ ሰላም አለችኝ። ዜና አንባቢ መሆን ነው ሐሳቧ። «ጋሼ፣ አንብብ ተብሎ የተሰጥዎት ነገር ልክ ካልመሰለዎት ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ። ቀልድ ቢጤ ጣል አድርጌ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልጻፈው።

ጊዜው የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ነበርኩ። ጣቢያውን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ስቱዲዮው ከወሎ ውጭ ነበር፤ በዚያ ምሽት ከነበርነው ውስጥ የወሎ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የምሽቱ የ2 ሰዓት ዜና ሊጀምር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ወረቀት መጣ። በስልክ የተቀበሉት፣ በችኮላ የተጻፈ። ከሐራ ወደ ደሴ ሲመጣ የነበረ ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ተገልብጦ ሰው ሞቷል፣ ሰው ቆስሏል ይላል።

አገሩን ለማታውቁ፣ ሐረጎ ማለት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ከደሴ በስተደቡብ። ሐራ ደግሞ ሰሜን ወሎ ነው። ከሐራ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በውጫሌ አድርጎ፣ ሐይቅን አልፎ ይገባል እንጂ ሐረጎን በምን ዕዳው ይረግጣል? ይህን የደሴ የታክሲ ረዳት እንኳ ያውቀዋል። በሐረጎ በኩል የሚመጣው ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካለችው ከሐርቡ የተነሳ ነው። ሐርቡ፣ ሐራ። በስልክ ላይ ለጆሮ ይምታታሉ።

አውቄዋለሁ። ወረቀቱን ሳየው «ኧረ ይሄ ነገር!» ብሎኛል ልቤ። ግን ከሁለት ቀን በፊት አንድ ዜና ላይ ጥያቄ ባነሳ አለቃዬ «አንተ አንባቢ ነህ፣ አንብብ!» ብሎኝ በሰው ፊት አፍሬ ነበር። አኩርፌያለሁ። «እንግዲያው አነባለሁ» አልኩ። ደግሞም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ክራቫቴ ተጣሞብኝ እሱን እያስተካከልኩ ነበር። አነበብኩት። ድምፄም ያን ማታ አምሮ ነበር፤ ካሜራማኑ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ሐራ ላይ በዚያው ሌሊት ለቅሶ ተነሳ። ልጁ ለመንገድ የወጣበት ሰው ሁሉ ውጭ አደረ፤ አንድ ሰፈር የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ ጥሩምባ እስከ መንፋት ደርሷል። የአንዲቱ እናት ልጅ ጠዋት በእግሩ ድንኳን መሃል ከተፍ አለ። ይህ እንኳ በኋላ ተስቆበታል። እኛም በማግስቱ «ሐራ የተባለው ሐርቡ ተብሎ ይታረም» ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋነው። ያነበብኩትም እኔ ነኝ።

ከወር በኋላ ለፈቃድ ደሴ ስመጣ እግሬ ሐርቡ ወሰደኝ። ምን እንደምል ሳላውቅ አንድ አባት ቤት ቁጭ አልኩ። ሴት ልጃቸው ከሚኒባሱ ውስጥ ነበረች። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እንዲህ አሉኝ፦

«ያን ማታ ሻይ ቤት ነበርኩ። ሐረጎ ስትል ሆዴ ባባ። ከሐራ ስትል ደግሞ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ዒሻዬን ሰገድኩ፣ ተኛሁ። ደህና እንቅልፍ ነበር ልጄ።»

ልጅቱ ሆስፒታል ውስጥ እስከ ንጋት በሕይወት ነበረች። አባቴን ጥሩልኝ ስትል ነው ያደረችው። ሰውየው ሰምተው ቢሆን መኪና ለምነው፣ ባይሆን በጭነት መኪና፣ ሌሊቱን ይደርሱ ነበር። መንገዱ እኮ ቅርብ ነው።

ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «በረካውን ሳትጠጣ አትሄድም» አሉ። ጠጣሁ። ሲኒው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ስለ ድምፅና ስለ አቀማመጥ አልመክራችሁም፤ ያንን የሚያሳያችሁ ሞልቷል። አንዲት ነገር ብቻ፦ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው»? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? አንድ ባልደረባዬ የጤና ዜና ሲያነብ «በሕፃናት ላይ ሽፍታ ሲወጣ» የሚለውን አላልቶ፣ ጫካ የገባውን ሽፍታ አድርጎት ስቱዲዮው በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ወረቀቱን አስቀድሞ ድምፅ አውጥቶ ያነበበ ሰው እንዲህ አይሆንም። የዛሬ ልጆች ደግሞ መብራቱንና ፀጉራችሁን ስታስተካክሉ ወረቀቱን የምታዩት አየር ላይ ነው። ስልካችሁ ላይ ስንት ሰው እንደተከተላችሁ ታውቃላችሁ፤ የወረዳችሁን ቀበሌዎች ግን አታውቁም። (ክራቫቱን የነገርኳችሁ እኔው ነኝ፣ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ። ያቺ ተማሪ የጠየቀችኝንም እኔ በእሷ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም።)

አያቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቡና አፍልታ ነበር ዜና የምታየኝ። እኔ «ጤና ይስጥልኝ» ስል እሷ ከጀበናው ሥር «አብሮ ይስጥልን» ትለኛለች። ስክሪኑን ነው የምትመልሰው! ጎረቤት ይስቅባት ነበር። እኔም ስቄያለሁ። በዚያ ላይ ወሎዬነቴ ከአፌ እንዳይሰማ ስንት ዓመት ታግያለሁ፤ «እንደ ሬዲዮ ሰው ሆንክብኝ እኮ» ትለኝ ነበር። ያን ማታ ሐራና ሐርቡን የሚለይ አፍ በስቱዲዮው ውስጥ የነበረው የእኔ ብቻ ነው፤ እሱንም ዘጋሁት።

ፒያሳ ያገኘሽኝ ልጅ፣ ያን ቀን የመለስኩልሽን ተይው። ካልመሰለሽ ወረቀቱን ይዘሽ ተነሺና ጠይቂ፤ ይቆጡሽ፣ ዜናውም አንድ ደቂቃ ይዘግይ። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ቡና ቤት አለሁ። ያነበብሽውን ይዘሽ ነዪ፣ ጮክ ብለሽ ታነቢልኛለሽ።