ዲኤንኤ መረጃ «አለው» ወይስ «አለው ይባላል»?

አንዲት የኮምቦልቻ የሥነ ሕይወት መምህርት፣ «ተማሪዬ ‹ሕዋስ አእምሮ የለውም፤ ታዲያ ዲኤንኤ እንዴት መረጃ ይይዛል?› ብሎ ጠየቀኝ፤ እውነት ይዟል ልበለው ወይስ አነጋገር ብቻ ነው?» ሲሉ ጽፈውልኛል። ቃሉ ዘወትር የሚያሳስበኝ ስለሆነ ሳልውል ሳላድር እመልሳለሁ።

«መረጃ» ከ«ተረዳ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ «ወሰደ» «መውሰጃ»ን፣ «ለመደ» «መልመጃ»ን እንደሰጡ ሁሉ እዚህም «ድ» ወደ «ጅ» ተለውጧል። «ማስረጃ»ም ከ«አስረዳ» በዚሁ መንገድ ተገኝቷል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «የሚረዳ ከሌለ መረጃ የለም፤ አባባሉ ዘይቤ ነው» ይላሉ። እርባታውን በትክክል አይተውታል፤ መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም። መክፈቻ ማንም ሳይከፍትበት ተሰቅሎ ቢከርምም መክፈቻ ነው። የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን «መርዶ»ንም እንመልከት። እኛ ደሴ እንደምናውቀው አርጂዎቹ ማልደው በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ባለሐዘኑ ምንም አልሰማም፤ መርዶው ግን ጎረቤት ዘንድ አድሯል።

ከሰዋስው ይልቅ የሚያሳምነኝ የነገሩ አሠራር ነው። ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚነበቡት አራቱ የዲኤንኤ ፊደላት (ቤዞች) 64 ጥምረት ይሰጣሉ፤ 61ዱ 20 አሚኖ አሲዶችን (የፕሮቲን መገንቢያዎችን) ያመለክታሉ፣ 3ቱ ማቆሚያ ናቸው። ጥምረቱን ከአሚኖ አሲዱ የሚያገናኘው አሚኖ አሲዱን ተሸክሞ የሚያመጣ አስተላላፊ አርኤንኤ የተባለ ሞለኪውል ነው፤ እርሱ የተሸከመው ቢለወጥ ያው ጥምረት ሌላ አሚኖ አሲድ ያስገባል። የ«ለ» ቅርጽና ድምፁም የሚገናኙት እንደዚሁ፣ ቅርጹ ድምፁን ስለሚያስገድድ ሳይሆን በስምምነት ነው። የዲኤንኤን ቅርጽ የገለጹት ሳይንቲስቶች ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 የቤዞቹ ቅደም ተከተል የውርስ መረጃ ተሸካሚ ሳይሆን እንደማይቀር ሲጽፉ ቃሉን ለጌጥ አላመጡትም።

እኔን የሚከብደኝ «ይዟል» የሚለው ግሥ ነው። ቅል ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ቢደፋም ቅሉ ቅል ነው። የዲኤንኤ መረጃ ግን ቅደም ተከተሉ ራሱ ስለሆነ፣ ተደፍቶ የሚቀር ባዶ ዕቃ የለም። ሆኖም «መጽሐፉ ቁም ነገር ይዟል» የሚለውን ማንም አማርኛ አይደለም ሊል አይችልም፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም «ይዟል»ን ስለለመዱት፣ ባልወደውም አላርምም።

ስለዚህ መምህርት፣ ሰሌዳው ላይ «መረጃ አለው» ብለው ይጻፉ፤ «ይባላል» አያስፈልግም። ለተማሪዎም ፕሮቲን የሚሠራው የሕዋስ ክፍል፣ ራይቦዞም፣ መረጃውን እንደማይረዳው፣ ነገር ግን እንደሚመራበት ይንገሩት።