ጸበሉን ለጸበልተኛው ተዉለት

ወንድሜ፣ “ከቤተሰብ ይዞታችን አጠገብ ፍል ውኃና ጸበል አለ፤ ውጭ ካለው ወንድሜ ጋር ሎጅና ስፓ ልንከፍት ነው፤ ከየት እንጀምር?” ብለህ ጠይቀሃል። እንግዳ ሳመላልስ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ አንድ ያሳፈረኝን ነገር ልንገርህ። ከአሜሪካ የመጣ ቤተሰብ ይዤ ወንጪ ሐይቅ ሄድኩ። በፈረስ ቁልቁል ወርደን፣ ሸለቆው ውስጥ ካሉት ፍል ውኃዎች አንዱ ጋ ደረስን። ጎረምሳው ልጃቸው የዋና ቁምጣ ለብሶ፣ ስልኩን በዱላ ሰክቶ ራሱን እየቀረጸ ዘው አለ። ከጎኑ አንዲት እናት በነጠላ የጠቀለለችውን ሕፃን ልታስጠምቅ ጸሎት ይዛለች። ማንም አልጮኸም። አንድ አዛውንት ብቻ ጋቢያቸውን አውልቀው ልጁ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት። “ምን አሉ?” አለኝ ልጁ። “እንዳይበርድህ ብዬ ነው” ነበር ያሉት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ እሳተ ገሞራው፣ ስለ ሐይቁ፣ ደሴቷ ላይ ስላለው የቂርቆስ ገዳም ሳወራ ውኃው ዘንድ ምን ተለብሶ እንደሚገባ አልነገርኳቸውም።

ስለዚህ ጸበሉን አትጠረው፤ ቲኬትም አትቁረጥበት። ስሙን የማልጠራው አንድ ሎጅ ምንጩን ወደ ግቢው ጠልፎ መዋኛ አደረገው። መንደሩ አኮረፈ። ማን ይመጣለታል?

የምትሸጠው ሌላ ነገር ሞልቷል። እንቅልፍ፣ ሙቅ ክፍል፣ ንጹህ መጸዳጃ ቤት፣ ልብስ መቀየሪያ። ወንጪ አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። የናንተም ደጋ ከሆነ ከስፓው በፊት ብርድ ልብሱን አስብ። ጸበል በባዶ ሆድ ነውና ቁርስህን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ደርድረህ አትጠብቅ፤ እስከ 5 ሰዓት ይቆይ። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በፍልሰታ የጾም ምግብ የሚያውቅ ወጥ ቤት ያዝ። ሹሮና ጎመን ብቻ እንዳይሆን አደራ! ለሱባኤ የሚመጣው ጸበልተኛ ግን ገበሬው ቤት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚሰነብተው። ያንን ገቢ አትሻማቸው።

ማሳጁና የእንፋሎት ክፍሉ ከጸበሉ ራቅ ብሎ፣ በሌላ ውኃ ይሠራ። ፍል ውኃውን ለመጠቀም ከፈለግክ ግን አስቀድመህ ላቦራቶሪ አስመርምር። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ፍል ውኃ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው፤ ለመታጠቢያ የሆነ ሁሉ ለመጠጥ አይሆንም።

ማስታወቂያህ ላይ “ይፈውሳል” የሚል ቃል እንዳትጽፍ። ይሄን ጠበቅ አድርጌ ነው የምልህ። ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ይመጣል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እንኳ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። እንግዳ ስትቀበል መድኃኒቱን መያዙን ጠይቅ።

ዛፍ ቆርጠህ ቪው ልታወጣ ካሰብክ ደግሞ መጀመሪያ ዘጌ ሂድና እይ። ያ ሁሉ የቡና ጫካ በጣና ዳር የቆመው ማረስና ከብት ማርባት ነውር ሆኖ ስለኖረ ነው። የዚህን ልማድ መነሻ የዘጌን ገዳም መሠረቱ በሚባሉት አባ በትረ ማርያም ላይ ያደርሱታል። እንግዳው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም እስኪደርስ የሚሄደው በጥላ ነው፤ ብዙዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል እኩል የሚያወሩልኝ ስለዚያ መንገድ ነው።

ወንድምህ ሲመጣ ከአርክቴክቱ በፊት የደብሩን አለቃና ያገሩን ሽማግሌዎች አስተዋውቀው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ጧፍና ዕጣን ያዙ። ቡናው ሦስተኛው እስኪጠጣ ስለ ሎጁ አታንሱ።