ብሔሬ ብቻ ይበቃል ወይ ላልከው

«ዲሲ ከገባሁ 5 ወር ሆነኝ፤ አሳይለም (ጥገኝነት) ለመጠየቅ ብሔሬ ብቻ ይበቃል ወይ? ሸሽተህ አዲስ አበባ ለምን አልኖርክም ካሉኝስ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን አልፌበታለሁ።

የአሜሪካ ሕግ የሚቀበላቸው ምክንያቶች 5 ናቸው፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አቋምና የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት። ብሔር ከዘር ወይም ከዜግነት ጋር ይታያል፣ እዚያ ላይ ብዙም አይከራከሩህም። የሚያፋጥጡህ «ለምን አንተን?» ብለው ነው። ጦርነት ነበር ብቻ ካልክ የሁሉም ችግር ነው ይሉሃል። የያዘህ ሰው ምን አለህ? መታወቂያህን አይቶ ነው ወይስ ስምህን ሰምቶ? ስድቡን ሳይቀር እንዳለ ጻፈው። ሰው አፍሮ ይተወዋል እንጂ ለምን እንደነኩህ የሚናገረው እሱ ነው። ብሔርህ ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም ከዋነኞቹ አንዱ መሆን አለበት፣ በፈረንጆቹ 2005 የወጣው ሕግ እንደዚያ ይላል። ብሔር የተጻፈበት የድሮ የቀበሌ መታወቂያ ካለህ እንዳትጥለው።

እኔን ጉድ የሠራኝ ቀን ነው። የታሰርኩት ኅዳር 2009 ነበር። የማመልከቻ ቅጹን የሞላልኝ ልጅ ወሩን ወደ ኖቬምበር ቀይሮ ዓመቱን እንዳለ ተወው! በፈረንጅ 2009 እኮ እኔ ገና የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዚያ ላይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ» ያልኩት ምሽት 8 ተብሎ ተተረጎመ፣ የእህቴ ደብዳቤ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ሌሊት 2 ይላል። ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ዝም ብላ አየችኝ። ኬዙ ወደ ዳኛ ተላለፈ፣ ሌላ 2 ዓመት ጠበቅኩ። ዳኛው ፊት ጠበቃዬ የቀን መቁጠሪያውን ልዩነት አስረዳችና ተፈታ።

የአዲስ አበባውን ጥያቄ ደግሞ በእርግጥ ይጠይቁሃል። ያሳደደህ መንግሥት ራሱ ከሆነ ይቀልልሃል፣ እጁ የማይደርስበት ቦታ የለማ። ታጣቂ ወይም የሰፈር ሰው ከሆነ ግን በዝርዝር መልስ። እዚያ ሄደህ ከነበር የት ተከራየህ፣ ማን አገኘህ፣ ለምን ወጣህ? ብመለስ በእርግጠኝነት እሞታለሁ ብለህ መማል አይጠበቅብህም። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1987 ከ10 አንድ ያህል ዕድል እንኳን ሊበቃ እንደሚችል ተናግሯል።

ካፌ ተቀምጦ የተዘጋጀ ኬዝ የሚሸጥልህን ሰው ሽሽ። ያንኑ ታሪክ ስም ቀይሮ ለስንቱ እንደሸጠው አታውቅም፣ ውሸት ከተገኘብህ ደግሞ እውነተኛው ታሪክህም አብሮ ይቀበራል።

አይ-589 የሚባለው የአሳይለም ማመልከቻ ቅጽ አሜሪካ ከገባህበት ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ሳይሞላ መግባት አለበት፣ ከዚያ ካለፈ የሚቀበሉህ በጥቂት ምክንያት ብቻ ነው። 7 ወር ቀርቶሃል። ጠበቃ ጋ ከመሄድህ በፊት ቀኖቹን በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ደርድራቸው፣ በእኛም በፈረንጁም፣ ሰዓቱንም ጭምር።